የአባዬ ንግሥቶች

ባለፈው ዓመት ለአንድ ጉዳይ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሄጄ ነበር። ገበያው አጠገብ ካለ ፉል ቤት ገብቼ ምሳዬን ስጠብቅ፣ አሳላፊው ቲማቲምና ሽንኩርት የተከተፈበት ሳህን ፊቴ አስቀመጠና ከጠርሙስ ኮምጣጤ አርከፈከፈበት። ሽታው ሲደርሰኝ ሳልበላ ተነሣሁ። ሰውየው ያስቀየመኝ መስሎት «ማሌሽ፣ ማሌሽ» እያለ እስከ በሩ ተከተለኝ። እሱ ምን አጠፋ? ለእኔ ያ የምግብ ሽታ አይደለም። በሁለት ጣት መካከል የተጨፈለቀ ጉንዳን ሽታ ነው። አባዬ «አሽትቺና ንገሪኝ» ይለኝ ነበር፤ እኔ «ይቆመጥጣል» እለዋለሁ፤ እሱ ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በመተማ በኩል ድንበሩን ተሻግረን፣ ከሾዋክ በሎሪ የግማሽ ቀን መንገድ ከሚሆን የስደተኞች ሰፈር ከገባን ሁለት ወር አልሞላንም። አባዬ፣ መምህር ካሳሁን፣ ጎንደር ባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። በሽብሩ ዓመት ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ አለቁ። የእሱም ስም እንደተጻፈ አንድ ሰው ሹክ ሲለው እኔን ይዞ ወጣ። እናቴ የሺ አራስ ነበረች። ወንድሜ ገና የሦስት ሳምንት ልጅ ነበር። «ልጁ ጠንከር ሲል ይከተሉናል» አለኝ አባዬ። አመንኩት፤ እሱም ራሱን ያመነ ይመስለኛል።

መንገድ ላይ ገደል ስንወርድ መነጽሩ ከፊቱ ወድቆ ድንጋይ ላይ ደቀቀ። ሩቁን አጥርቶ ያያል። ቅርቡ ግን ጠፋበት። ፊደሉን በጣት ልክ አግዝፎ ካልጻፈ መልሶ ማንበብ አይችልም፣ እህል ውስጥ ያለ ጠጠር አይለይም። ክሊኒክ ሄዶ ነበር፤ እዚያ ወረፋ የሚጠብቁት ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ነበሩና ስለ መነጽር ሳይናገር ተመለሰ።

የዚያ አገር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚገባበት ስንጥቅ ነበረ። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት ስንጥቁ ሁሉ ክንፍ ያለው ነገር ተፋ። ልጆች ሁሉ እየጮኹ ሲለቅሙ እኔም ቀሚሴን አጥፌ ሞላሁና አባዬ ጋ ሮጥኩ።

«አባዬ፣ ጉንዳን በረረ!»

ከራኩባችን፣ ከሣር ዳሳችን ጥላ ሥር፣ ጭራሮ ላይ በተነጠፈች ሰሌን ተቀምጦ ነበር። እጁን ቀሚሴ ውስጥ ከቶ አንዱን አወጣና ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ፣ ደግሞ አስጠጋ። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ።

«ቀንዱ ቀጥ ያለ ነው ወይስ እንደ ክርን የታጠፈ?»

«ቀጥ ያለ ነው። እንደ ጨሌ።»

«ወገብ አለው?»

«የለውም። እኩል ነው።»

«እንግዲያ ይኸ ጉንዳን አይደለም፤ ምስጥ ነው። ሂጂና ቀንዷ የታጠፈ፣ ወገቧ የቀጠነ አምጪልኝ» አለና ሳቀ። ከጎንደር ከወጣን ወዲህ ሲስቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር። ያንን ሳቅ እንደገና ለመስማት ስል ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ጭቃ ውስጥ ስንበረከክ ዋልኩ።

እንዲህ ነው የጀመርነው። ከክሊኒኩ ጀርባ የሚጣሉትን የመርፌ መድኃኒት ብልቃጦች ለቅሜ አጠብኩ። አባዬ የጎማ ክዳናቸውን በእሾህ በሳ፤ ከሥር ውኃ የጠጣ ጥጥ አደረገበት። በእያንዳንዱ ብልቃጥ አንዲት ንግሥት። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ትምህርት ቤት «እናት ጉንዳን» እያለ እንዲያስተምር ተነግሮት ነበር። እዚህ ግን «ንግሥት» ይላታል፤ ሲላት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ዙሪያውን አይቶ ፈገግ ይላል።

«ሥራችን መለየት ነው» አለኝ።

ቃሉን አልወደድኩትም። ከእናቴ ከተለየሁ ሁለት ወሬ ነበር። «ከማን ነው የምንለያቸው?» አልኩት።

«ከማንም አይደለም፣ ትርንጎ። ማን እንደሆኑ ማወቅ ነው። ስማቸውን።»

ስማቸውን ግን እሱም አያውቀውም ነበር። የቆላውን ጉንዳን የሚዘረዝረው መጽሐፉ ቤታችን ቀርቷል። ስለዚህ ቁጥር ሰጣቸው። እኔ ዓይኑ ሆንኩ። መጀመሪያ ወገብ፦ ቋጠሮው አንድ ነው ሁለት? ከዚያ ሆድ፦ እንደ ልብ ቅርጽ ሹል ነው ወይስ እንደ ገብስ ፍሬ? ከዚያ አገጯ ሥር ጢም አላት? ጢም ያላቸው ጥቋቁሮች፣ ወገባቸው ሁለት ቋጠሮ የሆነ፣ እህል ሰብሳቢዎች ናቸው፤ የቤታቸው ደጅ በገለባ ይታወቃል። ወገባቸው አንድ ቋጠሮ የሆነና የሠራተኞቻቸው ሽታ የሚቆመጥጥ፣ እነዚያ አይነድፉም፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው የሚወጡት። አንዲት ቀጭን ደግሞ ነበረች፣ ጣቴን ነድፋኝ ክንዴ እስከ ብብቴ ያበጠ። እያለቀስኩ ስነግረው አባዬ «ጎበዝ፣ ይኸም መለያ ነው» ብሎ ጻፈው።

ክንፋቸውን ሲጥሉ ያየሁ ቀን የታመሙ መሰለኝ። እግሯን ወደ ኋላ ልካ ራሷ ነው የምትገነጥለው።

«ከእንግዲህ መብረር አያስፈልጋትም» አለ አባዬ። «ጉድጓዷን ትዘጋለች፤ የመጀመሪያ ልጆቿ እስኪያድጉ አትወጣም።»

«ምን ትበላለች?»

«ገላዋን። የክንፏን ጡንቻ እያቀለጠች ልጆቿን ትመግብበታለች።»

እናቴ ያኔ ምን እየበላች እንደሆነ አሰብኩ። እኔ ራሴ ከረሃብ ብዛት ክንዴን አገላብጬ ያየሁበት ቀን ነበር። የምንበላው እትዬ ጌጤ የምትሰጠን የዱራ፣ የማሽላ ገንፎ ነበር።

እትዬ ጌጤ ከጎናችን ያለችው ጎጆ ባለቤት ናት። የጎንደር ሰው ናት፤ ሁለት ወንዶች ልጆቿን በአንድ ቀን አጥታለች። የቀበሌ ካድሬ ግቢያቸው ገብቶ ስማቸውን ከደብተር እያነበበ ነው ያስወጣቸው። ይኸን እኔ የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ገንፎውን በቅል አድርጋ ስታመጣ ሁልጊዜ ከራኩባው ውጭ እንደምትቆም፣ አባዬ ሲጽፍ ካየች ደግሞ ቅሉን መሬት ላይ አስቀምጣ እንደምትሄድ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ውኃ ታንከሩ ጋ ይዛ ጠየቀችኝ። «አባትሽ ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የሚጽፈው?»

«ንግሥቶቹን ነው» አልኳት።

«የምን ንግሥት?»

«የጉንዳን።»

«በዚህ ዘመን?» አለች። ከዚያ ባልዲዋን ሳትሞላ ሄደች። ንቃኝ መሰለኝና ተናደድኩ።

ቁጥር አሥራ አንድን የያዝኳት ከድርጅቱ ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር ነው። ድርጅቱ ከደርግ ጋር የሚዋጋ ነበር፤ ስሙን አሁንም ቢሆን ባልጠራው እመርጣለሁ። ሰፈሩን በእውነት የሚያስተዳድሩት እነሱ ነበሩ። ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ እንዳቆመ፣ አጥሩ ሥር ስትሄድ አየኋት። ቀላ ያለች፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የምትረዝም፣ ሆዷ ላይ እንደ ወርቅ የሚያበራ ጠጉር ያላት፣ ወገቧ አንድ ቋጠሮ። ለአባዬ ስነግረው ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈላት፤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ዝናቡ ከቆመ ምን ያህል እንደቆየ፣ ሁሉን። ከሥሩ ደግሞ አዲስ አበባ ላለ የዱሮ መምህሩ ደብዳቤ ጀመረ።

«ምናልባት ማንም አይቷት የማያውቅ ትሆናለች» አለኝ። «ስም ካላገኙላት የእናትሽን ስም እንስጣት።» ከቁጥሩ አጠገብም በእርሳስ «የሺ» ብሎ ጻፈ።

ለእሱ ቀልድ ቢጤ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ብልቃጥ ሳላይ አልውልም። እሷ ደኅና ከሆነች እናቴም ደኅና ናት። ጥጡን ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሜ አርስላት ነበር።

ከዚያ አባዬን ወባ ጣለው። አምስት ቀን ተንቀጠቀጠ። በጆንያና በጋቢ ሸፍኜው ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጨፍግጎ ዋለና ነፋስ መጣ፤ አባዬ «በረደኝ፣ በረደኝ» ይላል። ንግሥቷም ይበርዳታል ብዬ አሰብኩ። በማግሥቱ ፀሐይ ሲወጣ ብልቃጧን ብቻ ነጥዬ ከራኩባው ውጭ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት፤ እንድትሞቅ። እትዬ ጌጤ ለአባዬ ውኃ እንዳፈላ ላከችኝ፤ እንጨት ለቀማ ሄድኩ። ስመለስ ብልቃጡ ግሎ በእጅ አይያዝም። የሺ በጀርባዋ ተኝታ እግሮቿን ሰብስባለች።

አላለቀስኩም። በጣም ፈርቼ ነበር። ቀበርኳትና የቀረውን ቀን ፍለጋ ዞርኩ። ከሎሪ ማቆሚያው አካባቢ ቀላ ያለች፣ መጠኗ የሚመሳሰል አንዲት አገኘሁ። ወገቧ ሁለት ቋጠሮ ነበር። አይቻለሁ። ሳላውቅ ነው ብል ዋሽቻለሁ። ግን አባዬ ቋጠሮ አይታየውም፤ ቀለምና መጠን ብቻ ነው የሚታየው። ቁጥር አሥራ አንድ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኳት። አባዬ ትኩሳቱ ሲለቀው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ እሷ ነው።

«ደኅና ናት» አልኩት።

ከሳምንት በኋላ ሦስት ሰዎች መጥተው ደብተሩን ወሰዱ። አባዬን ተከተለን አሉት፤ እኔን ማንም አልጠራኝም፤ ብልቃጦቹን በካርቶን ይዤ ተከተልኩ። በጽሕፈት ቤታቸው ትልቅ ራኩባ ሥር አግዳሚ ነበረ፤ ሦስቱ ተቀመጡበት። መሐል የተቀመጠው ጓድ ሞላ ይባላል፤ ለስላሳ ድምፅ ያለው ቀጭን ሰው። «ጓድ» ሲሉት ደነገጥኩ። ጎንደር «ጓድ» የሚባሉት የምንሸሸጋቸው ሰዎች ነበሩ። እዚህም ቀድመውን ደርሰዋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ጓድ ሞላ ደብተሩን ገልጦ አነበበ። «ከውኃ ታንከሩ ሥር፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ አራት። ከሎሪ ማቆሚያው፣ ማለዳ፣ ሁለት። ከጽሕፈት ቤቱ አጥር፣ ረፋድ፣ አንድ። መምህር፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«ጉንዳን ነው» አለ አባዬ። «የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት እንደተያዙ ካልተጻፈ ዝርያቸውን መለየት አይቻልም።»

«ሰው አገሩ እየነደደ ጉንዳን ይመዘግባል?»

«እኔ የማውቀው ይኸንን ነው። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።»

«ደብዳቤውስ? ‹እስካሁን የማትታወቅ ናት፣ የተገኘችበትን ቦታ በትክክል ጽፌያለሁ› ይላል። ወደ አዲስ አበባ። የሺ ማን ናት?»

«ባለቤቴ ናት።»

«የት ናት?»

«ጎንደር።»

ከሦስቱ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። እኔ ካርቶኑን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩ። «እውነቱን ነው! ቁጥር ጥሩልኝ፤ እኔ እነግራችኋለሁ።»

አባዬ «ትርንጎ፣ ተይ» አለኝ። ጓድ ሞላ ግን ደስ ያለው መሰለኝ። ደብተሩን ወደ ራሱ አዙሮ «ቁጥር ሦስት» አለ።

ብልቃጡን አነሣሁ። «ጥቁር፣ ወገቧ ሁለት ቋጠሮ፣ አገጯ ሥር ጢም አላት፣ እህል ሰብሳቢ።»

በጣቱ መስመሩን ተከተለ። «ትክክል። ቁጥር ሰባት።»

«ሆዷ እንደ ልብ ነው፣ ሲነኳት ሽቅብ ታነሣዋለች።»

«ትክክል። ስምንት።»

«እቺ የነደፈችኝ ናት!»

ሁለቱ ሰዎች ሳቁ። አንዱ ብልቃጥ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አንሥቶ ቋጠሮ መቁጠር ጀመረ፤ እንዴት እንደሚቆጠር አሳየሁት። ስምንት ያህል ነገርኳቸው፤ አንድ አልሳትኩም። አባዬ እንዲቀመጥ እንኳ ተፈቀደለት። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር።

«ቁጥር አሥራ አንድ» አለ ጓድ ሞላ።

ብልቃጡን አነሣሁ። ደብተሩ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ በቃሌ ነው የማውቀው። «ቀላ ያለች» አልኩ። «ትልቅ። ሆዷ ላይ የወርቅ ጠጉር።»

«ወገቧስ?»

«አንድ ቋጠሮ።»

ጓድ ሞላ እጁን ዘረጋ። ብልቃጡን ተቀብሎ ተነሣና ፀሐዩ ጋ ወጣ። ብዙ ጊዜ ቆየ። ተመልሶ ለሌሎቹ ሰጣቸው።

«ሁለት ነው» አለ አንደኛው።

«ጠጉርም የላትም» አለ ሁለተኛው።

ጓድ ሞላ አላየኝም፤ አባዬን ነው ያየው። «አስጠንተሃታል። ልጅቱን ደብተሩን በቃሏ አስጠንተህ ነው ያመጣሃት።»

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «ትርንጎ፣ ስንት ነው?»

መናገር ነበረብኝ። ሞታለች፣ ቀይሬያታለሁ ማለት ብቻ ነበር። ግን እዚያ፣ በሰዎቹ ሁሉ ፊት፣ የሺን እንደገደልኳት ለአባዬ መንገር አቃተኝ። እግሬን አየሁ። አባዬ ብልቃጡን ለምኖ ወሰደ፣ ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ። ምንም እንደማይታየው አውቃለሁ። ከዚያ ፊቴን አየው፤ ፊቴ ከእሱ ራቅ ያለ ስለነበር ጥርት ብሎ ታይቶታል።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አላቸው። «ዓይኔ አያይም። ልጅቷ ያልኳትን ነው የደገመችው። እሷን ተዉአት።»

በማግሥቱ ጠዋት ሎሪ አዘጋጁ። ወደ ቁረይሻ በኩል፣ ወደ ድንበሩ፣ «ለማጣራት» ይወስዱታል ተባለ። እጁ አልታሰረም። ሲወጣ እንድሰናበተው ፈቀዱልኝ፤ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ።

«መቼ ነው የሞተችው?»

«ወባ ሲይዝህ» አልኩት። «እንድትሞቅ ብዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። ተማሪ ትክክል ሲመልስለት የሚነቀንቀው ዓይነት። «እኔም በሕይወቴ ብዙ ገድያለሁ። ጥፋትሽ አይደለም። ሌላ ጊዜ ግን ቀኑን ጻፊው።»

ያን ጊዜ ነው የጮኽኩት። ጓድ ሞላ ሎሪው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ልብሱን ይዤ «ሞታ ነው! እኔ ነኝ የቀየርኳት! አባዬ አያውቅም!» አልኩት። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከልብሱ አላቀቀ፤ አልገፈተረኝም።

«ትናንት አንድ ቋጠሮ ነው አልሽ። ዛሬ ደግሞ ሞታለች ትያለሽ። ነገ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ሎሪው ሄደ። ጥቁሩ ጭቃ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ቀስ እያለ ስለሄደ ለረጅም ጊዜ ታየኝ። አባዬ ሩቅ ስለሚታየው እስከ መጨረሻው ሳያየኝ አልቀረም።

እትዬ ጌጤ የዚያን ዕለት ገንፎውን ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ራኩባችን ውስጥ ገባች። ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች። «ስለ ደብተሩ የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «ስም የሚጽፍ ሰው አየሁ አልኳቸው።»

«የጉንዳን ነው ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር። አላመንኩሽም።» ቅሉን ወደ እኔ ገፋ አደረገች። «ደብተር የያዘ ሰው ሳይ ሌላ ነገር አይታየኝም።»

እኔም የራሴን ነገርኳት። ሁለታችንም አላለቀስንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎጆዋ ውስጥ፣ ከአልጋዋ አጠገብ አነጠፈችልኝ። ወደ ቁረይሻ ለአረም የሚሄዱ ሠራተኞችን፣ ከመፋዛ የሚመጡ ነጋዴዎችን፣ ሎሪ ነጂዎችን እየዞርን ጠየቅን። ረጅም፣ መምህር፣ ቅርብ የማይታየው። ያየው ሰው አልተገኘም። ደፍሬ ጓድ ሞላን ስጠይቀው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል አሉኝ። ብልቃጦቹ ካርቶኑ ውስጥ አንድ በአንድ ደረቁ፤ ልነካቸው አልቻልኩም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ እትዬ ጌጤ ሾዋክ ወዳለው የስደተኞች ቢሮ ወሰደችኝ። ለእኔና ለአባዬ የእህል ካርድ ገና አልወጣልንም ነበር። ጸሐፊው ሱዳናዊ ነው፤ አጠገቡ አማርኛ የሚያስተረጉም ወጣት ተቀምጧል። የእኔን ስም ጻፈ፤ የአባቴን ስም ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን አቁሞ አንድ ነገር ጠየቀ።

«አባትሽ አለ ወይስ የለም?» ሲል አስተረጎመልኝ ወጣቱ።

«ሎሪ ወሰደው» አልኩ።

ወጣቱ አልተረጎመም። «እንደዚያ ተብሎ አይጻፍም። ከሞተ አንቺ ብቻ ትጻፊያለሽ። ካለ ሁለት ሰው ይባላል። አለ ወይስ የለም?»

እትዬ ጌጤን ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ግድግዳውን ታያለች፤ እጄን ግን ጥርቅም አድርጋ ይዛ ነበር።

«አለ» አልኩ።

ካርዱ ለሁለት ሰው ወጣ። ዱራውን፣ ዘይቱን፣ ዱቄቱን በየወሩ መጨረሻ በሁለት ሰው ልክ ሰፍረው ሰጡን። እትዬ ጌጤ ተሸክማው ትመጣለች፣ እኔ እሳት አነዳለሁ፣ እሷ ታማስላለች። ዓመቱን ሙሉ የአባዬን ድርሻ እኔና እሷ ተካፍለን በላን።